ስለ ደመወዝ ወለልና ስለ መሠረታዊ ገቢ ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ መንግሥታት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይሻላል ወይስ ለሁሉም የሚከፈል መሠረታዊ ገቢ እያሉ ሲመክሩ እሰማለሁ። እኔ ቤቴ ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ። የትኛው ይደርሰኛል?

መልስ፦ ሰፍተው ራስዎ የሚሸጡ ከሆነ ወለሉ፣ ማለትም አሠሪ ሊከፍል የሚችለው ትንሹ ደመወዝ፣ አይደርስዎትም፤ ሕጉ የሚያስገድደው አሠሪን ነውና። መሠረታዊ ገቢ ግን ከመንግሥት ካዝና ለእያንዳንዱ ሰው በየጊዜው የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ተቀጣሪ መሆንን አይጠይቅም። አንዱ የሌላውን ቦታ ስለማይሸፍን ሁለቱን ማማረጥ ስህተት ነው ብለን እናምናለን። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 በሰዓት 20 ራንድ የሆነ ብሔራዊ ወለል አወጣች፤ በ2020 ደግሞ ገቢ ለሌላቸው ጎልማሶች በወር 350 ራንድ መስጠት ጀመረች። ድጎማው የአመልካቹን ገቢ እያጣራ የሚሰጥ ነውና ሙሉ መሠረታዊ ገቢ አይባልም።

ነጋዴ ጨርቅ እያቀረበልዎ በቁጥር የሚከፍልዎ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ወለሉ ሊመለከትዎ ይችላል። የብሪታንያ ደንብ እንዲህ ያሰላል፦ ሠራተኞች በአማካይ በሰዓት የሚሠሩት ብዛት ለ1.2 ይካፈላል፤ የሰዓቱ ወለል ደግሞ ለተገኘው ቁጥር ይካፈላል። አማካዩ 12 ሸሚዝ ከሆነ የአንዱ ሸሚዝ ክፍያ ከሰዓቱ ወለል አንድ አሥረኛ ይሆናል። በ1.2 መካፈሉ ከአማካዩ ትንሽ ዝግ ያለ ሠራተኛም ወለሉን እንዲያገኝ ነው።

ጥያቄ፦ የወለሉ መጠን በምን ይወሰናል?

መልስ፦ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 131 (1970) የሠራተኛውና የቤተሰቡ ፍላጎት ከኢኮኖሚው አቅም ጋር አብሮ እንዲታይ ይጠይቃል። በተግባር የሚጀመረው ከደመወዝ ጥናት ነው። ሠራተኞች ከዝቅተኛ ተከፋይ ወደ ከፍተኛ ቢደረደሩ መሃል ላይ ያለው ሰው ደመወዝ ይፈለጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው መመሪያ ለማነጻጸሪያ ካስቀመጣቸው ልኬቶች አንዱ የዚህ ደመወዝ 60 በመቶ ነው።

ወጥመዱ ያለው አገር አቀፉ አኃዝ ላይ ነው። ለአገሩ 60 በመቶ የሆነው ወለል ደመወዝ ዝቅ ባለበት ክልል 90 በመቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ እጅግ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ቀን ጭማሪ ይገባዋል፤ አሠሪው ሰዓት ይቀንሳል ወይም ሠራተኛውን ከመዝገብ ያወጣዋል። ስለዚህ ጥናቱ በክልልና በዘርፍ ተከፋፍሎ መነበብ አለበት።

ሌላው የሚረሳው ማስተካከያው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ወለል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ለዓመታት ቆሞ የዋጋ ንረት በላው። የሚከለስበት ቀንና ቀመር ሕጉ ውስጥ ካልተጻፈ ጭማሪው በፖለቲከኞች በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

ጥያቄ፦ መሠረታዊ ገቢ ካዝናውን አያራቁትም?

መልስ፦ 10 ሚሊዮን ሕዝብ በነፍስ ወከፍ በወር 100 ቢከፈለው የዓመቱ ወጪ 12 ቢሊዮን ነው። ይህ ግን ጠቅላላው ወጪ ነው። በዓመት 1,200 ተቀብሎ 1,200 ተጨማሪ ግብር የሚከፍል ሰው መንግሥትን ምንም አያስወጣውም። የተጣራው ወጪ የሚወሰነው ግብሩ ገቢ ካላቸው ምን ያህል መልሶ መሰብሰብ በመቻሉ ነው። ግብር ከጥቂት ደመወዝተኞች ብቻ በሚሰበሰብበት አገር ተመላሹ ትንሽ ስለሚሆን የተጣራው ወደ ጠቅላላው ይጠጋል፤ ዕቅዶች በብዛት የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ፊንላንድ በ2017 እና 2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ ከፍላ ሞክራለች። ሙከራው የተቀባዮቹን ሁኔታ እንጂ የገንዘቡን ምንጭ አልፈተነም።

ጥያቄ፦ ከወለሉ በታች እየተከፈለኝ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ የወሩን መደበኛ ክፍያ በሥራ ላይ ባዋሉት ሰዓት ሁሉ ያካፍሉ። በአሠሪው ትእዛዝ በሥራ ቦታ ቆመው የጠበቁበትም በብዙ አገር ሕግ የሥራ ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ጭማሪን ለብቻው ያውጡት። ለምግብና ለመኝታ የተቆረጠውን ይመዝግቡ፤ ብዙ ሕጎች የሚቆረጠውን መጠን ይገድባሉ። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፉ፤ ሠራተኞች ክርክሩን የሚሸነፉት ብዙውን ጊዜ ይህ ስለሚጎድላቸው ነው። ከዚያ ለመንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ፤ የክፍያ ጥያቄ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ ከሥራ እስኪወጡ አይጠብቁ።