ስለ መሰላል ፍተሻና ምዝገባ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ጠቅላላ አገልግሎት ላይ በቅርቡ ተመድበሻል። ሕንፃው ሰባት መሰላል አለው። አለቃሽ «እየፈተሽሽ መዝግቢ» ብሎሻል። ምን እንደሚታይ፣ በስንት ጊዜ እንደሚታይና ምን እንደሚጻፍ ግን የነገረሽ የለም። እኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ የቆየ ሕንፃ ጥገና ክፍል ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። መዝገብ መያዝ ከጀመርኩ ግን ገና 6 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ለምን እንደጀመርኩት ልንገርሽ።

ክረምት ነበር። አንድ ልጅ የኮሪደር መብራት ሊቀይር የአሉሚኒየም መሰላል ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ሰው ከዝናብ ሲገባ አርጥቦታል። የመሰላሉ አንዱ እግር ጎማ አልነበረውም። ከሥር ተንሸራተተና ልጁ ከ2 ሜትር ከፍታ ወደቀ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ። በኋላ ስንጠያየቅ የጎማውን መውለቅ ሦስት ሰው ያውቅ ነበር። ጥበቃው አይቶታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ጎማውን ራሱን ስትጠርግ አግኝታ መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች። እኔም አይቼ «ነገ እናስገባለታለን» ብዬ አልፌያለሁ። የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ ሦስታችንም ያየነው ነገር የትም ሳይደርስ ቀረ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለእያንዳንዱ መሰላል ቁጥር ስጪው። መ-1፣ መ-2 እያልሽ ቀጥይ። በማይለቅ ማርከር ጻፊና በላዩ ጥርት ያለ ፕላስተር ለጥፊበት። ቁጥር ከሌለው «ያ ረጅሙ መሰላል ተበላሽቷል» ትባያለሽ፣ የትኛው ረጅሙ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የእንጨት መሰላል ካለሽ ቁጥሩን በትንሽ ቦታ ጻፊ እንጂ እንጨቱን በሙሉ ቀለም አታስቀቢው። ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ከሆነ ችግር የለውም።

ፍተሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ የሚወጣው ሰው ራሱ ከመውጣቱ በፊት የሚያየው ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ መጻፍም አያስፈልገውም። ሁለተኛው የአንቺ ነው። እኔ በየ3 ወሩ አደርገዋለሁ። መሰላል ከወደቀ፣ ወይም ለሌላ ሰው ተውሶ ሄዶ ከተመለሰ ግን 3 ወር አልጠብቅም፣ ያኔውኑ አየዋለሁ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። መሰላሉን ፀሐይ ላይ አውጥቼ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ጭቃና የደረቀ ቀለም ሥር ነው ስንጥቅ የሚደበቀው። ከዚያ መሬት ላይ አጋድሜ በአንድ ጫፍ በኩል ዓይኔን ዝቅ አድርጌ ቋሚዎቹን፣ ማለትም መርገጫዎቹን የያዙትን ሁለቱን የጎን ዘንጎች፣ በቁመታቸው አያለሁ። የጎበጠ ካለ ወዲያው ይለያል። ቀጥሎ እያንዳንዱን መርገጫ በሁለት እጄ ይዤ እጠመዝዛለሁ። ደህና መርገጫ ፍንክች አይልም። መርገጫውን ከቋሚው ጋር የሚያያይዘው ሪቬት (የብረት መያዣው) የላላ ከሆነ ትንሽ ጢቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ መዳፍሽም ይነግርሻል። እሱን ድምፅ ከሰማሽ ሌላ ማስረጃ አትፈልጊ። ከዚያ የእግሮቹን ጎማ ገልብጬ አያለሁ። አልቆ ብረቱ ሊወጣ ነው? ምስማር ወይም ጠጠር ተሰክቶበታል? ተጣጣፊ መሰላል ከሆነ፣ ሁለቱን እግሮች የሚያያይዘው ዘንግ በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻ መቆለፉን ከፍተሽ እይ። በአንድ በኩል ብቻ የሚቆለፍ መሰላል ሰው ላይ ይከዳል። ምን ያህል ኪሎ እንደሚችል የሚናገረው ጽሑፍ ይነበብ እንደሆነም እይ፤ ያ ኪሎ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን የቀለም ባልዲውንና መሣሪያውንም ይጨምራል።

ከአጣና በምስማር ተመትቶ ስለሚሠራው መሰላል የኔ አቋም ቁርጥ ያለ ነው፤ ሕንፃ ውስጥ አይግባ። መርገጫውን የያዘው ምስማር ብቻ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ተመትቶ በበጋ ሲደርቅ ምስማሩ ይላላል። ክረምት ውጭ ካደረ ደግሞ መሬት የሚነካው ጫፍ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ካቻቢቴ ይዘሽ ጫፉን ወጋ አድርጊው። ቂጣ እንደ መውጋት ከሆነ ነገሩ አልቋል። «ስንት ዓመት የወጣንበት ነው» የሚል አይጠፋም፤ አትስሚው።

ወደ መዝገቡ ስንመጣ፣ ተራ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ መሰላል አንድ ገጽ ስጪው። ከላይ ቁጥሩን፣ ዓይነቱን፣ ቁመቱን፣ የሚችለውን ኪሎና የት እንደሚቀመጥ ጻፊ። ከሥሩ ቀን፣ የታየው ነገር፣ የተወሰነው ነገርና ፊርማ ይከተላል። «ደህና ነው» የሚለውን ቃል እኔ ከልክያለሁ። የታየው ይጻፍ። ለምሳሌ፦ «መ-4፣ ጥቅምት 12። ከታች 3ኛው መርገጫ በግራ በኩል ሲጠመዘዝ ይንቀሳቀሳል። ከሥራ ወጥቷል፣ ስቶር ተቆልፎበታል።» እንዲህ የተጻፈን ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ቢያነበው ይገባዋል። ከሥራ የወጣ መሰላል ላይ ደግሞ «አትውጡበት» የሚል ወረቀት በሽቦ እሰሪበት።

ጥገናን በተመለከተ፣ የእግር ጎማ በልኩ ከተገኘ ይቀየራል። የጎበጠ ቋሚን መቀጥቀጥ፣ የተሰነጠቀውን መበየድ ወይም በሽቦ መጠፈር ግን የለም። የማይጠገነውን በሴጌቶ ለሁለት ቁረጪው። አንድ ጊዜ ሳልቆርጥ ከቆሻሻ ጋር አውጥቼ፣ በወሩ ያንኑ መሰላል በጥቁር ሽቦ ታስሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ሰው ሲወጣበት አገኘሁት።

ከውጭ የሚመጡትንም አትርሺ። በኮሪደር ልማቱ ጊዜ የሕንፃችን ፊት ሲቀባ ቀቢዎቹ የራሳቸውን መሰላል ይዘው መጡ። በር ላይ ሳንፈትሽ አናስገባም አልን። ተቆጡ፣ ግን ከአምስቱ ሁለቱን መልሰናል። ፒያሳ እንደምታውቂው የመብራት ሽቦ በረንዳ አጠገብ የሚያልፍበት ቦታ አለ። እዚያ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው አሉሚኒየም ጨርሶ አይሆንም፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ፋይበር ግላስ ነው የሚያስፈልገው። እሱም ቢሆን ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ነው፤ ሽቦውንም መንካት የለበትም።

አለቃሽ «ለመሰላል ይህ ሁሉ ወጪ?» ካለሽ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አሳዪው። የሠራተኛውን ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ መውሰድ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ የሥራ ላይ አደጋን መመዝገብም እንደዚሁ። እኔ አዲስ ፋይበር ግላስ ያስገዛሁት አዋጁንና ደብተሩን አንድ ላይ ይዤ ገብቼ ነው።

ሠራተኞቹን ስታስተምሪ ደግሞ ይህን አትዝለይው፤ የሚደገፍ መሰላል 4 ሜትር ላይ ግድግዳውን ከነካ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ጣሪያ ላይ የሚወጣበት ከሆነ ጫፉ ከጣሪያው 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበልና ይታሰር።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ስቶር ያሉትን ብቻ ቆጥረሽ እንዳትጀምሪ። ጣሪያ ላይ፣ ጄኔሬተር ቤት፣ ከደረጃ ሥር፣ ከጥበቃ ቤቱ ኋላ ዞረሽ ፈልጊ። ሰባት ብለሻል። እኛም አምስት ነው ብለን ጀምረን ያገኘነው ዘጠኝ ነበር። ጎማ የሌላቸው ደግሞ ከቆጠራ ውጪ የነበሩት አራቱ ናቸው።