ዐዋጅ ነው ወይስ ትእዛዝ?

ከሜሪላንድ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ፈርመው ካሜራ ፊት ከፍ የሚያደርጉትን ወረቀት ባለቤቴ ‹አዋጅ› ይለዋል። እኔ ‹ትዕዛዝ› ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

እርስዎ ነዎት። አጻጻፉን ግን ሁለታችሁም ስታችኋል።

«ዐዋጅ» በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው። ግእዙ «ዖደ» ነው፤ ዞረ ማለት። ከሱ «ዐዋዲ» ወጣ፣ እየዞረ የሚለፍፍ ሰው። አማርኛ «ወላዲ»ን ወላጅ፣ «ፈራዲ»ን ፈራጅ እንዳለው ዐዋዲንም ዐዋጅ አለው። ዐዋጅ መጀመሪያ ሕጉ ሳይሆን ሰውየው ነበር ማለት ነው። ኋላ ስሙን ለሚለፍፈው ነገር ለቀቀና ራሱ «ዐዋጅ ነጋሪ» ሆኖ ቀረ። «ትእዛዝ» ግን ከ«አዘዘ» ነው፣ በአልፉ አ። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ዐይኑን ከዐዋጅ ነቅለን ለትእዛዝ ሰጠነው!

«ከላይ የመጣ ቃል ሁሉ ዐዋጅ ነው፣ ድሮ ንጉሥ ሲናገር ምን ይባል ነበርና» የሚሉ አሉ። ለድሮው ልክ ናቸው። ዛሬ ግን በአገራችን ሕግ ዐዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ መመሪያ የየመሥሪያ ቤቱ። የአሜሪካው ወረቀት በኮንግረስ ድምፅ አላለፈም። ፕሬዝዳንቱ በሱ የሚያዙት በእሳቸው ሥር ያሉትን መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ለዚያውም ሥልጣኑ ከሕገ መንግሥቱ ወይም ኮንግረስ ካወጣው ሕግ ካልመነጨ አይጸናም። ፕሬዝዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1952፣ በኮርያ ጦርነት መሃል፣ የብረት ፋብሪካዎቹን መንግሥት ይያዛቸው ብለው አዘዙ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ሻረባቸው። ፍርድ ቤት ባይነካው እንኳ ተከታዩ ፕሬዝዳንት ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቀን በአንድ ፊርማ ሊሰርዘው ይችላል። ምክር ቤት ያወጣው ሕግ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም።

ቃል ፍለጋም መድከም የለብንም። ነጋሪት ጋዜጣ በንጉሡ ዘመን ከዐዋጅና ከድንጋጌ ሌላ «ትእዛዝ» የሚባል የሕግ ዓይነት ያወጣ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የወሰነው ራሱ ትእዛዝ ቁጥር 1 ነው። አንዳንዶች የአሜሪካውን «የሥራ አስፈጻሚ ትእዛዝ» ይሉታል፤ እኔ አልወደውም፣ የባንክ አለቃ ለቅርንጫፎቹ የላከው ደብዳቤ ይመስለኛል። «የፕሬዝዳንት ትእዛዝ» ይበቃል። ማስረጃ አትጠይቁኝ፣ ጆሮዬ ነው።

ባለቤትዎም ጨርሶ አልተረቱም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ዐዋጅ የሚሉት ሌላ ወረቀት አላቸው፤ ፕሬዝዳንት ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 የፈረሙት የባሮች ነጻነት ከዚያ ወገን ነው። ትራምፕም እ.ኤ.አ. በ2017 የጉዞ እገዳውን በጃንዋሪ በትእዛዝ ጀመሩት፤ በሴፕቴምበር የወጣው ሦስተኛው ግን ዐዋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናውም እሱን ነው። ያን ሰሞን ባለቤትዎ «ዐዋጅ» ብለው ከሆነ፣ ሳያውቁትም ቢሆን ልክ ነበሩ።

«ትዕዛዝ»ን በተመለከተ ተሸንፌአለሁ። ጋዜጣው በዐይኑ ዐ ነው፣ ቴሌቪዥኑም፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም። የገዛ ስልኬ እንኳ «ትእዛዝ» ብዬ ስጽፍ ቀይሮ ያርመኛል።