አሰብ በተጨናነቀችበት ዓመት

በቅርቡ፣ የትራንዚት ሥራ፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ዕቃን የጉምሩክ ወረቀት ጨርሶ ማስወጣት፣ ከማለማምዳቸው ወጣቶች አንዱ፣ ጓደኞቹ ለምሳ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርቶ «ጋሼ፣ ሰው ማንነቱን ለማንም ሳይገልጥ ዕድሜ ልኩን መኖር ይችላል?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ምን እንደሚጠይቀኝ አልተናገረም፤ እኔም አላስጨነቅሁትም፤ ድምፁን ዝቅ ካደረገበት ሁኔታ ግን ነገሩ ገብቶኛል። «ይችላል» ብዬ መለስሁለት፤ እኔ ራሴ እንዲሁ ኖሬ ሰባኛ ዓመቴን ለመድፈን ተቃርቤያለሁና መልሴ ሐሰት የለበትም። ሆኖም ጥያቄው የቆየ ነገር ቀስቅሶ እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ ስሜን ሳልጠቅስ ለእሱና ለመሰሎቹ ይህን እጽፋለሁ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ቁጠባና ስለ ሥራ ሰዓት የሚመክራችሁ ስለማይጠፋ በዚያ አላደክማችሁም።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። ያኔ ናዝሬት የምንላት አዳማ ከአሰብ ወደ መሐል አገር የሚወጣ ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ለተራበው ሕዝብ የተላከው እህል አሰብ ወደብን ከአቅሙ በላይ ስላጨናነቀው መርከቦች ተራቸው እስኪደርስ ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥለው ይጠብቁ ነበር፤ እህል የጫኑ ተሳቢዎችም ሌሊትና ቀን በዋናው መንገዳችን ይተምሙ ነበር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የትራንዚት ክፍል ውስጥ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ ቅጽ፣ እሞላ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው ገብቶ፣ ለአክስቱ ላመጣላት የሲንጀር ስፌት መኪና የሚከፈለው ቀረጥ እንዴት እንደሚሰላ ጠየቀኝ። የንግድ መርከብ ባሕረኛ ነበር። መርከቧ ተራ እየጠበቀች ስለሆነ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ በእህል መኪና ጋቢና አክስቱን ሊጠይቅ መምጣቱ ነው። ወረቀቱን ስጨርስለት የእኔን የቢሮ ቀለም እስክሪብቶ አገላብጦ እያየ «እጅዎ ግን ያምራል» አለኝ። ስለ ጽሕፈቴ መሆኑን ለማመን ሞከርሁ።

ሥራው ከታች፣ ከሞተሩ ክፍል ነበር። ግንባሩ ድረስ ላብ የሚያጠምቅ ሙቀት እንዳለ፣ ክንዱ ላይ ያሉትን ጠባሳዎችም የጋሉ ቧንቧዎች እንዳተሙበት አጫውቶኛል። ስዌዝ ቦይን ደጋግሞ አቋርጦ አንድ ጊዜ እንኳ በዓይኑ አላየውም፤ መርከቧ ቦዩን ስታልፍ እሱ ሁልጊዜ ከታች ተረኛ ነበርና። እኔ በወረቀት ላይ የማውቃቸውን ወደቦች እሱ በሞተር ድምፅ ለይቶ ያውቃቸዋል። ሁለታችንም ዓለምን ሳናያት የምናገለግል ሰዎች መሆናችንን ነግሬው ብዙ ሳቀ።

አመሻሽ ላይ ስንጨዋወት ሰዓት እላፊ ሲደርስ እኔ ዘንድ ማደሩ የግድ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ግን የግድ ሳይሆንም አደረ። አከራዬ እትዬ «ዘመድህ ነው?» ሲሉኝ «የአክስቴ ልጅ ነው» አልኋቸውና ቡና አፍልተው ጠሩን። እንግዳ ወንድ ከወንደላጤ ጋር አንድ አልጋ ላይ ቢያድር ማንም በማይደነቅበት አገር ውስጥ መኖራችን መጋረጃ ሆነልን። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለው ነበር። ምን እንደጎደለው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጸጥታውን አልለመደውም። የነበረኝን አሮጌ ቬንትሌተር ስከፍትለት ወዲያው አንቀላፋ። የኅዳር ነፋስ በቆርቆሮው ላይ እያፏጨ፣ እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር እየተንቀጠቀጥሁ፣ ቬንትሌተሩ እስኪነጋ ሲዞር ያድራል፤ እኔም አልዘጋውም ነበር።

እሑድ ዕለት ከከተማችን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሶደሬ ወረድን። ባሕረኛው ዋና አያውቅም! ወንጂ በአገዳው እርሻ መካከል ያደግሁና በመስኖ ቦይ ውስጥ መዋኘት የተማርሁ እኔ፣ በውቅያኖስ ላይ የሚኖረውን ሰው በፍል ውኃው ገንዳ ውስጥ ጀርባውን በመዳፌ ደግፌ መንሳፈፍ አስተማርሁት። ቤተሰቦች በዙሪያችን ምሳቸውን ይበላሉ፤ ዝንጀሮዎች ዳቦ ይሰርቃሉ፤ አንዲት እናት ጭራሽ «ጎበዝ፣ ልጄንም አስተምርልኝ» ብላ ትንሽ ልጇን ሰጠችኝ። ስንመለስ ከአውቶቡስ ወርደን እጅ ለእጅ ተያይዘን በዋናው መንገድ ሄድን፤ ያን ጊዜ ሁለት ወንዶች እንዲህ ሲሄዱ ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም። የዛሬ ወጣቶች ይህን ወግ በመተዋችሁ አዝናለሁ። ከስልክ ውስጥ ባያችሁት ነገር ተሸማቅቃችሁ ከገዛ ወንድማችሁ ጋር እንኳ ሁለት ክንድ ተራርቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ለማታውቁት ሰው ገመናችሁን በጽሑፍ ትዘራላችሁ።

ሕዝብ በሚራብበት ዓመት እኔ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልሸሽግም። ከመንገዱ የሚሰማው የእህል መኪና ጩኸት ለሌላው የነፍስ ጉዳይ ሲሆን፣ ለእኔ ወደቡ ገና አለመቃለሉን የሚያበሥር ድምፅ ነበር። ይህን አስቤ ዛሬም ያመኛል፤ ነገር ግን ያን ደስታ ከሌላ ዓመት መርጬ ላመጣው አልችልም ነበር።

የመርከቧ ተራ ደርሶ ሲጠራ የምጽፍበት አድራሻ ስጠኝ አለኝ። የመሥሪያ ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰጠሁት፤ የራሴ አልነበረኝም። ከወራት በኋላ ከሐምቡርግ ፖስት ካርድ መጣ። መዝገብ ቤት የሚሠራው ባልደረባችን ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «የናዝሬት ነፋስ ናፍቆኛል። ቬንትሌተሩን አትዝጋው» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ይኼ ደግሞ ማነው?» ሲሉኝ፣ ፊቴን ሳላጠቁር፣ ቬንትሌተር ከውጭ ሊያስገባ የሚፈልግ ባለጉዳይ እንደሆነ ነገርኋቸው። ሰውዬው ሥራውን የሚያከብር ስለነበር ፖስት ካርዱን በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም አሳርፎበት፣ ከባለጉዳዮች ፋይል ጋር አሰረው። የእኔ ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ካልተቃጠለ እዚያው ታስሮ ይኖራል።

መልስ አልጻፍሁም። ለባሕረኛ ደብዳቤ የሚላከው መርከቧ በምትደርስበት ወደብ ላይ ባለው ወኪል አድራሻ፣ በመርከቧና በሰውየው ስም ነው፤ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም። የመርከቦች መድረሻ ዝርዝር በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል፤ የእሷን ስም ባየሁ ቁጥር ጣቴን አሳርፍበት ነበር፤ ወኪሉንም አውቀዋለሁ። በዚያ ዘመን ግን በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚደረግን ግንኙነት የሚቀጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 ነበረ፤ ከሕጉም በላይ ቀበሌው፣ ጎረቤቱና የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነበረ። አለመጻፌ ማስተዋል ነበር ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። እየተከራከርሁም ይጸጽተኛል።

አሁን የምመክራችሁን ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህንኑ በአንቀጽ 629 አሁንም በቀላል እስራት ያስቀጣል። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ አንዳንዶች በቲክቶክ እንዲህ ናቸው ያሏቸውን ሰዎች ስምና ፎቶ እየለጠፉ ጥቃት እንዲፈጸምባቸው ሲቀሰቅሱ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ፎቶ አትላኩ፤ ስም አትጻፉ፤ ስልካችሁን ለማንም አትስጡ። እኔ ያልነበረኝ ጀግንነት ከእናንተ አይጠበቅም። ጥንቃቄያችሁ ግን ለውጭ ሰው ይሁን። እኔ ከአከራዬና ከባልደረቦቼ መሸሸግን ስለማመድ ከእሱም ተሸሸግሁ፤ ጀርባውን በመዳፌ ይዤ ሳለሁ እንኳ እንደምወደው በቃል አልነገርሁትም፤ ያውቃል ብዬ ተውሁት። ንገሩት። ለጻፈላችሁም ሰው መልስ ስጡ። ሁለቱ ምክሮቼ ይጋጫሉ ብትሉኝ አልከራከራችሁም፤ እንደየሁኔታው እናንተው ታስታርቋቸዋላችሁ።

አላገባሁም፤ ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ ሥራ በዛብኝ ስል ኖርሁ። ስለ እሱም ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። የመርከቧን ስም ከዝርዝሩ ላይ ማየት ካቆምሁ ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ በዘመኑ የነበሩት መርከቦች አርጅተው ለብረት ተሸጠዋል። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ የምንቀበለው ዕቃ በጅቡቲ ገብቶ አብዛኛው እዚሁ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል። የዛሬዋ ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ብዙውን ጊዜ ወደብ ላይ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ አትቆይም፤ ባሕረኛውም ከወደቡ ግቢ ሳይወጣ ይመለሳል። ያ ሰው የዛሬ ባሕረኛ ቢሆን ኖሮ አዳማን ባላየ፣ የአክስቱም የስፌት መኪና ለብቻዋ በካርጎ በመጣች ነበር።