መልስ፦ ቀይ መስቀል እያለበት ሕክምናው ለምን ተደበደበ?

ወንድሜ፣ «ጣሊያን በ1928ቱ ጦርነት ቀይ መስቀል የተሰቀለበትን ሕክምና ስትደበድብ የሚከለክል ሕግ አልነበረም ወይ?» ላልከው፣ ኧረ ነበረ! ጣሊያን ራሷ ፈርማለች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም ጦርነቱ ሊመጣ ሲል ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቁሟል።

የመልካ ዲዳውን ልንገርህ። ዶሎ አካባቢ የስዊድን ሐኪሞች ድንኳን ተክለው ቁስለኛ ያክማሉ። ቀይ መስቀሉ ከላይ ይታያል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ አወረዱባቸው። ከተኙት ቁስለኞች ብዙዎች አለቁ። አንድ ስዊድናዊ ሞተ፣ የቡድኑ መሪ ዶክተር ሂላንደርም ቆሰሉ። ከቦምቡ ጋር ወረቀት ተበትኖ ነበር፤ የተማረከ አብራሪያችንን ስለገደላችሁ ነው የሚል። በቃ፣ በቀል! ምርኮኛ መግደል ራሱ ጥፋት ነው፤ ግን በሽተኛው ምን አደረገ?

ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው። የ1921ዱ የጄኔቫ ስምምነት ቁስለኛ ይከበር ይላል፤ በቁስለኛና በሐኪም ላይ የሚደረግ የአጸፋ በቀልን ግን በግልጽ አልከለከለም። ሕክምናው ጠላትን ለመጉዳት ከዋለም ከለላውን ያጣል ይላል። ጣሊያኖችም «በምልክቱ ጥይት ይደብቃሉ» እያሉ ይከሱ ነበር። በቀሉ በግልጽ የተከለከለው በ1941 በተፈረመው ስምምነት ነው።

ጣሊያን በዚያው ጦርነት የተጠቀመችበት መርዝ ጋዝ ግን ይህቺም ሰበብ የለችውም። የ1917ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል (መርዝ ጋዝን የሚከለክል ስምምነት) ከልክሎታል፤ ጣሊያንም አጽድቃዋለች። መከላከያ ሚኒስቴሯ ጋዙን መጠቀሟን በይፋ ያመነው ግን በ1988 ዓ.ም. ነው። 60 ዓመት ቆይቶ!