ይህች ዳክዬ ማን ናት? የውሃ ወፎችን ስለ መለየት ጥያቄና መልስ

በሐይቅና በግድብ ዳር ያያችኋቸውን ወፎች ግለጹልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ልመና አለኝ፦ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ ቀለም አይሩጥ። ቅርጿን፣ ምንቃሯን፣ ስትበር ደግሞ ክንፏን እዩ፤ ቀለም በመጨረሻ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በመስከረም መጨረሻ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ብዙ ዳክዬዎች አየሁ። ሁሉም ቡናማ ዝንጉርጉር ነበሩ። ሥዕል ላይ የማያቸው ያማሩ ወንዶች የት ሄዱ?

መልስ፦ ወንዶቹም እዚያው ፊትህ ነበሩ። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎች ወንዶቻቸው ከመራቢያው ወቅት በኋላ የጌጥ ላባቸውን ጥለው ሴቲቱን ይመስላሉ። በዚያው ሰሞን የመብረሪያ ላባቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚረግፍ ለሳምንታት መብረር አይችሉም፤ ያኔ ደማቅ ሆኖ መታየት የአውሬ ሲሳይ መሆን ነው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ክንፋቸው በቅሏል፣ ጌጣቸው ግን ገና ነው።

ስለዚህ ምንቃሩን ተመልከት። ረጅምና ጫፉ እንደ ማንኪያ የሰፋ ከሆነ ሾቨለር ናት፤ እርሷን ከሌላ ጋር ማምታታት ይከብዳል። አንገቷ ቀጭንና ረጅም፣ ምንቃሯ ግራጫ፣ ጅራቷ ሹል ከሆነ ፒንቴል ናት። ጋርጋኒ የምትባለውን ትንሿን ለመለየት ግን እስክትበር ታገሥ። ወንዱ ጌጡን ሁሉ ቢጥልም የክንፉ ትከሻ ሰማያዊ ግራጫ እንደሆነ ይቆያል። በዚህ ወቅት ከክንፍ የበለጠ ታማኝ ምስክር የለም። በጥር ተመልሰህ ብትሄድ አብዛኞቹን ወንዶች በሙሉ ጌጣቸው ታገኛቸዋለህ።

ጥያቄ፦ እዚያው ዝዋይ፣ ጥቁር ቆብ የደፋች የምትመስል፣ ጉንጯ ነጣ ያለ ትንሽ ዳክዬ አይቻለሁ። ምን ትባላለች?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ የሚመስሉ ሁለት አሉ፤ ሁለቱም የአፍሪካ ተወላጆች ናቸው። ምንቃሯ ቀይ ከነበረ ቀይ ምንቃር ቲል ናት። ሰማያዊ ከነበረ ደግሞ ሆተንቶት ቲል፣ በጣም ትንሽና ደንገል መካከል መሸሸግ የምትወድ። ምንቃሩን ካላየሽው በግምት ስም አትስጫት።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ የምትዋኘው ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ ዳክዬስ?

መልስ፦ ኩት የምትባል የውሃ ወፍ ናት፤ ዳክዬ አይደለችም። ምንቃሯ እንደ ዶሮ ሹል ነው፤ የእግር ጣቶቿም እንደ ዳክዬ በቆዳ አልተያያዙም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ በአንድ ሆቴል ግቢ ጥቁርና ነጭ፣ ፊቱ ቀይ የሆነ ትልቅ ወፍ አየሁ። የዱር ዝይ ነው አሉኝ።

መልስ፦ እማማ፣ ፊቱ ላይ ቀይ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ከነበረ መስኮቪ የሚባለው ለማዳ ዳክዬ ነው፤ የዘር አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። የዱሩ ባለ እሾህ ክንፍ ዝይም ጥቁርና ነጭ፣ ፊቱም ቀላ ያለ ስለሆነ የነገሩዎት ሰዎች ቢሳሳቱ አይፈረድባቸውም። እርሱ ግን እግሩም አንገቱም ረጅም ነው፤ በክንፉ መታጠፊያ ላይም ሹል እሾህ አለው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ ሁለት ዓይነት ፔሊካን አለ ይባላል። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው።

መልስ፦ ቀና ብለህ ከበታቻቸው እያቸው። ትልቁ ነጭ ፔሊካን ሲበር የክንፉ ነጭና ጥቁር ቁልጭ ብሎ ይለያል። ሮዝ ጀርባ የሚባለው አነስ ይላል፤ መላ አካሉ ግራጫ ያጠላበት ነው። ነጩ በቡድን ዓሣ ከብቦ ሲያጠምድ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው።

ጥያቄ፦ ገፈርሳ ግድብ ድረስ ሄጄ ክንፈ ሰማያዊዋን ዝይ ፈለግሁ። ያገኘሁት ግራጫ ዝይ ብቻ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳታውቃት አግኝተሃታል ብዬ አምናለሁ! ቆማ ሣር ስትግጥ ሰማያዊው ተሸፍኖ ግራጫ ቡናማ ብቻ ትመስላለች። ምንቃሯ ትንሽና ጥቁር ነበር? አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታሳርፍ ነበር? እንግዲያው ራሷ ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም፤ ከገፈርሳ እስከ ባሌ ሳነቴ ድረስ መኖሪያዋ ውሃ ዳር ያለ የደጋ ጨፌ ነው። ጨፌ በታረሰ ቁጥር ልቤ የሚያዝነው ስለ እርሷ ነው።

የምትምታታው ከግብጽ ዝይ ጋር ነው፤ ያኛው ግን በዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ አለው፣ እግሩም ሮዝ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ራቅ ብለህ ተቀመጥና ራሷ እስክትነሣ ጠብቅ፤ አታስደንግጣት። የግብጽ ዝይ ክንፉን ሲዘረጋ የፊተኛው ክፍል ነጭ ነው። የእርሷ ግን እንደ ማለዳ ሰማይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው።