መልስ፦ ካሜራው ቪዲዮ ሳይልክ ባትሪው ለምን ያልቃል?

ሰላም ወንድሜ። ኮዬ ፈጬ ያስገጠምከው የዋይፋይ ካሜራ ቪዲዮ ሳይልክም ባትሪው ማለቁ አይግረምህ። ባትሪውን የሚበላው መላኩ ብቻ አይደለም፣ መጠበቁም ነው። የካሜራው ሬዲዮ፣ ማለትም የዋይፋይ ሞገድ የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል፣ በርቶ አየሩን ሲያዳምጥ የሚፈጀው ኃይል ዳታ ሲቀበል ከሚፈጀው ብዙም አያንስም። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሞገድ ክልል ላይ ተጨናንቋል። ካሜራው ተራ ይጠብቃል፣ ከሌላው ጋር ይጋጫል፣ እንደገና ይልካል።

ዋይፋይ 6 በሚባለው ስድስተኛው የዋይፋይ ትውልድ ላይ ታርጌት ዌክ ታይም የሚባል ነገር አለ። ካሜራውና ራውተሩ የመንቂያ ሰዓት ይቀጣጠራሉ፤ እስከዚያ ካሜራው ድብን ያለ እንቅልፍ ይተኛል። ግን ሁለቱም ካልደገፉት ዋጋ የለውም። ሻጩ «ዋይፋይ 6 ነው» ስላለህ ብቻ እንዳትሸወድ! ለቀጥታ ቪዲዮም ተአምር አትጠብቅ፣ እንቅልፉ በረዘመ ቁጥር ምስሉ ይዘገያል።

ለጊዜው መጨናነቁ እንዲቀንስ የራውተሩን ቻናል (በ2.4 ጊጋኸርዝ ውስጥ የሚሠራበትን መስመር) ከ1፣ 6 እና 11 ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ቀይረው።