ስለዚያ የካርቱን ልጅ ለተጣላችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር፣ በሐይቁ ዳር ባሉት ቡና ቤቶች ከስልክ ስልክ የተቀባበላችሁት «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የአሜሪካ ካርቱን ክፍል አሮጌ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኅዳር 1990 ዓ.ም. ነው፤ አብዛኞቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም ነበር። አንዳንዶቻችሁ እንባ እስኪወጣችሁ ሳቃችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ «አገር ተሰደበ» ብላችሁ ጠረጴዛ ጥላችሁ ተነሣችሁ። ኋላም «ጋሼ፣ እርስዎ የቲያትር ሰው ነዎት፣ ይፍረዱን» ብላችሁ መጣችሁ። ዕድሜዬን ኮሜዲ ሳዘጋጅና ሳስተምር ስለኖርኩ ከዚህ ዳኝነት መሸሽ አይሆንልኝም።

ታሪኩን እንየው። አራት የአሜሪካ ልጆች በቴሌቪዥን የእርዳታ ማስታወቂያ ያያሉ። ገንዘብ የሚልኩት ለተራበ ሰው አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ ለላኪ በስጦታ የሚሰጠው የእጅ ሰዓት አምሯቸው ነው። በስሕተት ሰዓቱ ቀርቶ አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ይላክላቸዋል። ከመካከላቸው ሆዳሙ ካርትማን በልጁ ፈንታ ተይዞ ኢትዮጵያ ይወሰዳል፤ እዚያም በማስታወቂያው እርዳታ ስትለምን የነበረችውን ሴት ለተራቡት የተላከውን ምግብ አከማችታ ስትበላ ያገኛታል።

እንግዲህ የተፌዘው በማን ላይ ነው? እኔ በ1977 ዓ.ም. ወጣት ነበርኩ። በጥቅምት ወር ከኮረም የተነሣው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ ዓለምን አዳረሰ፤ በሐምሌ ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የእርዳታ ኮንሰርት ተካሄደ። ከዚያ ወዲያ ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊት፣ ለስላሳ ሙዚቃና በሐዘን የሚናገር ታዋቂ ሰው በአንድነት የታወቀ የማስታወቂያ ስልት ሆኑ። ፓሮዲው፣ ማለትም ሌላውን አስመስሎ የሚቀልደው ሥራ፣ የሚያፌዘው በዚህ ስልትና ከሶፋው ሳይነሣ ጽድቅ በሚገዛው ተመልካች ላይ ነው። «ረሃባችንን ቀለዱበት» ብላችሁ የተቆጣችሁ ይህንን ዘልላችሁታል። ማስታወቂያዎቹን ስላላያችሁ አልፈርድባችሁም፤ ነገር ግን ቅጂውን ከዋናው ሳያስተያዩ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

የሳቃችሁትም አትኩራሩ። መጨረሻው አካባቢ ቱርክ የተባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከከተማው ሰው ጋር የሚዋጉበት ትዕይንት በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣውና ስለ ስኮትላንዶች ጦርነት በሚተርከው «ብሬቭሃርት» ፊልም ላይ የተሠራ ማስመሰል ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ቀለም በተቀባው ፊትና በንግግሩ ይስቃል፤ ያላየው በዶሮዎቹ ብቻ። አንዱ ሳቅ ከሌላው ያንሳል ለማለት አይደለም፤ ስለ ሥራው ጥበብ ልታስተምሩን ስትነሡ ግን ልዩነቱ ይታያል።

አሁን ወደ ቁጡዎቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም በሌላ በኩል እውነት አላቸው። የፌዙ ኢላማ አንዱ፣ የሚቆስለው ሌላው ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ በታሪኩ ውስጥ የራሱ ስም እንኳ አይነገርም፤ ልጆቹ ከረሃብ ጋር ቤት የሚመታ ስም ይለጥፉበታል። የሚናገረውም ምላስን ከላንቃ እያላቀቁ በሚያሰሙት ድምፅ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ የሚታወቀው በደቡብ አፍሪካ አካባቢ ቋንቋዎች ነው፤ ከእኛ ጠ፣ ቀ እና ጨ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። አሜሪካዊውን ለጋስ ለመቅጣት ሲባል ኢትዮጵያዊው አፍ አልባ ሆነ። እኔን ያላሳቀኝ ይህ ነው። የእኛ አዝማሪ እንግዳን ሲሸረድድ እንግዳው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ «ተቀበል» ብሎ በግጥም ይመልስለታል። ከዚህ ከጣና ማዶ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐናም በዘመናቸው የነገር ጌታ የተባሉት መልስ በሚችሉ ሰዎች መካከል ነው። በ1992 ዓ.ም. ኅዳር ደራሲዎቹ ልጁን መልሰው ሲያመጡት በጠፈር መንኮራኩር ለወገኖቹ አዲስ አገር ፈላጊ አድርገውታል። የተሻለ ነው፤ ስሙ ግን ያው ነው።

ቁጣችሁ ወደ ምን ሊለወጥ እንደሚችል አንድ ምሳሌ አለኝ። «ዘ ሲምፕሰንስ» በተባለው ሌላ የአሜሪካ ካርቱን ውስጥ አፑ የሚባል ሕንዳዊ ባለሱቅ አለ፤ ድምፁን ይሰጥ የነበረው ተዋናይ ሐንክ አዛሪያ ሕንዳዊ አይደለም። የሕንድ ስደተኞች ልጅ የሆነው ኮሜዲያን ሐሪ ኮንዳቦሉ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ገጸ ባሕርይ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ኮንዳቦሉ የተከታታዩ ወዳጅ ነበር፤ እያንዳንዱን ቀልድ ያውቀዋል፤ ክርክሩ የከበደው በዚህ ነው። አዘጋጆቹ በቀጣዩ ዓመት በራሱ በካርቱኑ ውስጥ በንቀት መለሱለት። በ2020 እ.ኤ.አ. ጥር ግን አዛሪያ ያንን ድምፅ ከእንግዲህ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ስለዚህ መልስ ስጡ፤ መልሱም ፓሮዲ ይሁን። መሣሪያ የለንም አትበሉኝ፤ የ«ሳውዝ ፓርክ» የመጀመሪያ ክፍል የተሠራው ወረቀት እየተቆረጠ፣ አንድ በአንድ እየተነሣ ነው። ሐሳብ ካጣችሁ ይኸውና፦ የውጭ አገር የእርዳታ ማስታወቂያ ፊልም ሠሪዎች ደረቅ መሬት ፍለጋ ባሕር ዳር ይመጣሉ። ካሜራውን ወደየትም ቢያዞሩ ጣና ይገባባቸዋል፤ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውኃ የት ይደበቃል! አንዱ ዓሣ አጥማጅ ከደንገል ታንኳው ወርዶ ቀረሶ ጠብሶ ያበላቸዋል፤ እነርሱ እየበሉ «እባክህ ትንሽ እዘን» ይሉታል። አጥማጁ ግን ይናገር፤ በጥሩ አማርኛ፣ ረዘም አድርጎ፣ ሲፈልግም ይሸርድዳቸው።

የተራበ ሰው ላይ አንድም ቀልድ እንዳይገባ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ከመጻፋችሁ በፊት አሮጌዎቹን ማስታወቂያዎች ፈልጋችሁ ደጋግማችሁ እዩ፤ ሙዚቃው የት እንደሚገባ፣ ተናጋሪው መቼ ዝም እንደሚል መዝግቡ። ረቂቁን ስታመጡልኝ በትልልቅ ፊደል ይታተም፤ መነጽሬ አርጅቷል።